ላስታ ትምባሆ የማያጨሰው ስለ ምንድን ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት፣ ከላስታ በመጡ ተማሪዎች ስም የተነገረ ቃል)



ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። «የላሊበላ ልጅ ስለ ትምባሆ ምን ያውቃል?» ማለታችሁ እንደ ሆነ ይገባናል። እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን የሲጋራን ሽታ በቅርብ ያወቅነው ወደ ከተማ ለትምህርት ከወረድን በኋላ ነው። ዳሩ ግን ዛሬ እንድንናገር ያስነሣን ይኸው ነገር ነው። ሳናውቀው አደግን፤ ሳናውቀው መጥተን እዚህ አገኘነው፤ ከመካከላችንም የወደቀ አለ።

በአገራችን በሰፈር ውስጥ ትምባሆ የሚጠጣ ሰው ቢኖር በስሙ አይጠራም፤ «ያ ትምባሆ ጠጪው» ይባላል። ልጁን ለመዳር ሽማግሌ ሲልክ ይህ ይነሣበታል። ሰንበቴ ሲገባ ጽዋው ሲዞር ጎረቤቱ ፊቱን ያዞራል። የነፍስ አባቱ ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ አፍንጫቸውን ይዘው እንደ ሆነ መላው መንደር ያውቃል። አባታችን ወይም እናታችን «ልጄ፣ ሲጋራ እንዳታጨስ» ብለው የመከሩን ጊዜ ትዝ አይለንም፤ ምክር አላስፈለገምና። ነውርነቱ እንደ አየሩ በዙሪያችን ነበረ።

ታዲያ ይህ ነውር ከየት መጣ?

ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደ ሰማነው ትምባሆ የበቀለው ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው። ስለዚህ የሚያጨስ ሰው የአርዮስን እስትንፋስ ይስባል ይባላል። ከተረቱ ሌላ የመንግሥት ክንድም ነበረበት። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባሆን በዐዋጅ ከልክለው፣ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ይህም የሆነው ስለ ሳንባ በሽታ ታስቦ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. በወሎ ምድር በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ እስላም ክርስትናን እንዲቀበል የተገደደበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሃይማኖቱ የሚታወቀው በሚበላውና በሚጠጣው ነበር። ሥጋው በማን እጅ ታረደ? ቡና ይጠጣል ወይ? ጫት ይቅማል ወይ? ትምባሆ ያጨሳል ወይ? ትምባሆ በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል እንደ ድንበር ድንጋይ ተተክሎ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ቡና ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። ዛሬ በላስታ ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት የለም፤ ቄሱም መርቀው ይጠጣሉ። ይሁን እንጂ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በብዙ የደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ የተነወረ ነበር። ያ ድንበር በጊዜ ብዛት ፈረሰ፤ ማንም አላለቀሰለትም። ስለዚህ አንድ አስተዋይ ልጅ «ቡናን እንደ ተውን ትምባሆንስ ለምን አንተወውም? ሁለቱም አንድ ዓይነት ክልከላ ነበሩ» ብሎ ቢጠይቀን ምን ብለን እንመልስለታለን? ይህን ጥያቄ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ከታሪክ ወደ ዛሬው ነገር እንለፍ። ከላሊበላ ተነሥተን በጋሸና በኩል ወልድያ ወርደን ወደ ደሴ ስንጓዝ የሕዝቡ የሃይማኖት አሰፋፈር በመንገዱ ይለወጣል። በላሊበላ ከተማና በዙሪያው ያለው ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በሰሜን ወሎ በጠቅላላው ከመቶው 83 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 17 ያህሉ እስላም ነበሩ። ወደ ደቡብ ወሎ ሲታለፍ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ 71 ያህሉ እስላም፣ 29 ያህሉ ኦርቶዶክስ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ አንድ የላስታ ልጅ ለትምህርት ሲወርድ መንገድ ብቻ አይጓዝም፤ አንድ ዓይነት እምነት ብቻ ካለበት ሰፈር ወጥቶ ብዙ ዓይነት ሰው ወደሚኖርበት ይገባል።

ስለ አገራችን በጠቅላላው የተደረጉትን ጥናቶች ስንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የዐዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ከመቶው 5ቱ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ማለት ነው። ይህ ከብዙ የዓለም አገሮች ጋር ሲተያይ ዝቅተኛ ቍጥር ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናትም የሚያጨሱ ወንዶች በዐማራና በትግራይ ጥቂቶች፣ በሶማሌ፣ በሐረሪና በጋምቤላ ግን ብዙዎች መሆናቸውን አሳይቷል።

ከዚህ ቍጥር ላይ ተነሥቶ «እንግዲያው ትምባሆ የእስላም ነገር ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኛም ከአገራችን ስንመጣ እንደዚያ እናስብ ነበር። ነገር ግን ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ጋምቤላ የእስላም አገር አይደለም፤ ትምባሆ ግን በብዛት ይጨስበታል። ሁለተኛ፣ ከእስልምና ሊቃውንት ብዙዎቹ ትምባሆን ወይ ሐራም ወይ የተጠላ ነው ይላሉ እንጂ አያመሰግኑትም። በአንዳንድ የአገራችን ክፍል ሲጋራ የሚጎተተው ከጫት ቅሚያ ጋር ተያይዞ ነው፤ ጫት ባለበት ተቀምጦ መዋል አለ፣ ተቀምጦ መዋል ባለበት ሲጋራ ይከተላል። ሦስተኛ፣ በዐማራና በትግራይ ሲጋራ ጥቂት መሆኑን ስንኮራበት ጠላውንና አረቄውን እንረሳለን። እኛ የላስታ ልጆች በጽዋ ማኅበር፣ በሠርግና በተዝካር ጠላ እየቀመስን አድገናል፤ ጎረምሳ ሰክሮ ቢወድቅ ሰፈሩ ይስቃል፣ ሲጋራ ይዞ ቢታይ ግን ያለቅሳል። የእስላሙ ጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ መጠጥ ቢቀምስ ጉድ ይባላል። ስለዚህ አማኝ መሆን ብቻውን ወጣቱን ከሁሉ ነገር አይጠብቀውም። ሰፈሩ የሚያወግዘውን ይርቃል፤ ሰፈሩ ዝም ያለውን ይደፍራል።

ይህን ነገር የውጭ አገር ሊቃውንትም ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሂርሺና ስታርክ የተባሉ ሁለት የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ስለሚኖሩ ወጣቶች ባደረጉት ጥናት፣ ቤተ ክርስቲያን በሚሄደውና በማይሄደው ልጅ መካከል በጥፋት ረገድ ልዩነት አለመኖሩን አሳተሙ። ብዙ ሰው ተገረመ። በሌላ ቦታ የተደረጉ ጥናቶች ግን ልዩነት አገኙ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 ስታርክ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሃይማኖት የወጣቱን ጠባይ የሚገራው በዙሪያው ያሉት ጓደኞቹና ጎረቤቶቹ አብዛኞቹ አማኞች በሆኑበት ቦታ እንደ ሆነ ገለጠ። አማኙ ልጅ ብቻውን በማያምኑ መካከል ሲኖር እምነቱ ከልቡ ሳይወጣ ጕልበቱ ይደክማል። የእነርሱ ጥናት ስለ ወጣት ጥፋተኝነት እንጂ ስለ ትምባሆ አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ወደ እኛ ጉዳይ ይመጣል። በዚያው በአሜሪካ ዩታ የሚባለው ግዛት የሞርሞኖች አገር ነው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ትምባሆን የሚከለክል ትምህርት አላቸው፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ አጫሽ የሚያንሰው በዚያ ነው። ላስታና ዩታ በሃይማኖት አይገናኙም፤ በሰፈር ዓይን ግን ይገናኛሉ።

እንግዲህ የርእሳችንን ጥያቄ ስንመልስ፣ ላስታ ትምባሆ የማያጨሰው እያንዳንዱ የላስታ ልጅ በልቡ መርምሮ ስለ ጠላው አይመስለንም። ሰፈሩ በአንድነት ስለሚጠብቀው ነው። አጥሩ የቆመው በልጁ ልብ ውስጥ ሳይሆን በመንደሩ ዙሪያ ነው። ልጁ ከመንደሩ በወጣ ጊዜ አጥሩ አብሮት አይመጣም።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላነበብነውም፤ አይተነዋል። ከእኛ ጋር ከላስታ የመጣ አንድ ጓደኛ አለን። ስሙን አንጠራም፤ እንድንናገር ግን ፈቅዶልናል። በልጅነቱ ዲያቆን ነበረ። በሁለተኛው ዓመት ከግቢው በር ውጭ ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዝቶ ጀመረ። በፈተና ሌሊት እንቅልፍ ለማባረር ነው ይል ነበር። ሌላ ጊዜ ብርዱን ለማስታገስ ነው አለ። ኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። እኛ ምን አደረግን? ደበቅነው። «የላስታ ልጆች ስም ይጠፋል» ብለን ለማንም አልተናገርንም፤ አንዳንድ ቀንም ገንዘብ ሲያጣ ያበደርነው እኛው ነን።

የገና በዓል መጣ። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ያስቸግራል። ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ያድራል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዐለቱ ግድግዳ ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉን ያሸበሽባሉ። የላሊበላ ልጅ የትም ቢሆን ለገና ይገባል። ጓደኛችን ግን «ፈተና አለብኝ» ብሎ ቀረ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አለ። እናቱ በስልክ «ልጄ፣ ምን በደልንህ?» ብለው ሲያለቅሱ አጠገቡ ሆነን ሰምተናል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንዲህ አለን፤ «ሽታው ከልብሴ አይለቅም። እናቴ ስትስመኝ ታውቃለች። የነፍስ አባቴን ምን ብዬ ዐያቸዋለሁ?»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። ያ የምንኮራበት የሰፈር ዓይን ሁለት ሥራ ይሠራል። ያልጀመረውን ይጠብቃል፤ የጀመረውን ግን ያባርራል። ነውሩ ሲጋራውን ማስጣል ሲገባው አገሩን አስጣለው። ከዚህም በቀር ነውር በበዛበት ቦታ አጫሹ ስለሚደበቅ ቍጥሩ እንኳ በትክክል አይታወቅም። ጠያቂው መዝገብ ይዞ ቢመጣ «አላጨስም» ይላል። ሐኪም ቢጠይቀውም «አላጨስም» ይላል። የማይታይ በሽተኛ ደግሞ አይታከምም።

ለዚህ ጓደኛችን የደረሰለት ከእኛ መካከል አልነበረም። አብሮት በአንድ ክፍል የሚተኛ ከደቡብ ወሎ የመጣ እስላም ተማሪ ነው። ይህ ልጅ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ ጫትም አይቅምም። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን እንዲህ አለው፦ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ሲጋራ በእጅህ አላየሁም። እኔም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀምስም። እስከ ዘጠኝ የቻለ ሰው እስከ ማታ ለምን አይችልም?» ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሳያፍርበትና ሳይደብቀው በግልጥ የተናገረው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበረ። ጓደኛችን ዛሬ ጨርሶ ተወ ብለን አንዋሽም፤ ሦስት ጊዜ ትቶ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። አሁን ሦስተኛው ላይ ነው። ባለፈው ገና ግን አገር ቤት ገብቷል፤ አብረነው ሄደን ነበር።

ወደ ቡናው ጥያቄ እንመለስ። ልጁ «ቡናን እንደ ፈቀድን ትምባሆንስ?» ቢለን መልሱ ከአርዮስ መቃብር አይገኝም። አርዮስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ336 ነው፤ ትምባሆ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛ በኩል ያለው ዓለም አያውቀውም ነበር። በመካከላቸው ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በላይ አለ። ይህን የታሪክ ትምህርት የተማረ ልጅ ተረቱን ይጥላል፤ ተረቱን ሲጥል በተረቱ ላይ የቆመውን ክልከላም አብሮ ይጥላል። ይህ ነው የሚያስፈራን። የሽማግሌዎቹ ክልከላ መልካም ነበረ፤ ምክንያቱ ግን ዘመናዊ ትምህርትን አይቋቋምም። በመልካሙ ክልከላ ሥር አዲስ መሠረት ካልጣልንበት ትምህርት ቤቱ ራሱ የሲጋራ መንገድ ጠራጊ ይሆናል።

አዲሱ መሠረት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዶልና ሂል የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት ሲጋራና የሳንባ ነቀርሳ የተያያዙ መሆናቸውን አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ይህንኑ በይፋ መግለጫ አጸና። ዛሬ በዓለም ላይ በትምባሆ ምክንያት በየዓመቱ ከሰባት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይሞታል። ሳይተዉ ከሚቀጥሉት አጫሾች እስከ ግማሽ የሚደርሱት የሚሞቱት በዚሁ ጠንቅ ነው። ኒኮቲን የሚባለው ንጥረ ነገር አእምሮን ስለሚያስለምድ የጀመረው ሰው ልተው ቢል ይቸገራል። ቡና እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም። ለልጁ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሃይማኖት የሌለውም እኩል ሊቀበለው ይችላል።

ነገሩን ቸል የማንልበት ሌላ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ላይ 40 ከመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ኋላም ድርሻውን ወደ 71 ከመቶ ገደማ ከፍ አደረገ። ከመቶ አምስት ሰው ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ስለ ዛሬዎቹ አጫሾች ብቻ ነውን? ዘጠና አምስቱን ይቈጥራል። ከዘጠና አምስቱም መካከል ወጣቱን ይቈጥራል።

ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። አገራችን በ2006 ዓ.ም. የዓለሙን የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት አጽድቃለች። የ1112/2011 ዐዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ ሲጋራን በፍሬ መቸርቸርን፣ በትምህርት ቤት ግቢ ማጨስንና ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ሺሻንም ጭምር። ዐዋጁ ይህን ሁሉ ሲል፣ ለጓደኛችን የመጀመሪያዋን ሲጋራ በፍሬ የሸጠለት ልጅ ግን ራሱ ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ነበር። በእርሱ ላይ አንፈርድም፤ እርሱም የሌላ ደጋ ልጅ ነው፤ ለእንጀራው ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ትምባሆን የእገሌ ሃይማኖት ነው፣ የእገሌ ብሔር ነው ማለትን እንተው። እንዲህ በማለታችን የራሳችንን ወገን እናሞኛለን፤ የሌላውንም እናስቀይማለን።

ሁለተኛ፣ ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ለቀሳውስቱም ለሼሆቹም ለመምህራኑም ይህን አዲሱን ምክንያት በትሕትና እናቅርብላቸው። የነፍስ አባት ለልጃቸው «ርኩስ ነው» ከማለት ጋር «ልጄ፣ ሳንባህን ይበላዋል፤ ደግሞም ብትወድቅ አትሽሸኝ፤ ና ንገረኝ» ቢሉት አንድ ነፍስ ያድናሉ።

ሦስተኛ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የሰፈር ዓይን የለንም፤ እናብጀው። ዓይን ብቻ ያለው ሳይሆን እጅም ያለው ይሁን። ለመተው የሚፈልጉ ተማሪዎች ከየትኛውም እምነት ቢሆኑ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው የሚነጋገሩበት ትንሽ ማኅበር ኅብረቱ ቢያቋቁም እኛ ከላስታ የመጣን ተማሪዎች የመጀመሪያውን ቡና እናፈላለን። ማን እንደ መጣ አንመዘግብም፤ ማን እንደ ቀረም አናወራም።

ወላጆቻችን ብዙ ሀብት አላወረሱንም። አንድ ንጹሕ አየር ያለው መንደር ግን አውርሰውናል። በዚያ መንደር የቆመውን አጥር እነርሱ በነውር ሠሩት፤ እኛ ደግሞ በዕውቀትና በፍቅር እናድሰው። ያ ጓደኛችን ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማናል። ስንወጣ ማን ይሆን ብላችሁ አትፈልጉት። ነገር ግን በየመኝታ ክፍላችሁ እርሱን የመሰለ ሰው ካለ፣ ሳታሳፍሩትና ሳትደብቁት፣ እንደዚያ የደቡብ ወሎ ልጅ በግልጥ አነጋግሩት።